ከመጋረጃ ፏፏቴ ወዲህ ቆመን

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ፍኖተ ሰላም

ጎህ ሳይቀድ ሦስት ስልክ ደወልኩ። የመጀመሪያው ማንኩሳ ላለች ባለሱቅ፣ ሁለተኛው ቡሬ መናኸሪያ ለሚሠራው ወንድሜ፣ ሦስተኛው በሽንዲ መንገድ ዳር ለሚኖር ገበሬ። ጥያቄዬ ለሦስቱም አንድ ነው፤ "መንገዱ እንዴት አደረ?" ሦስቱም "ደህና አድሯል" ካሉኝ እንነሳለን። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ "እንጃ" ካለኝ እንግዶቼ ቁርሳቸውን በልተው ተመልሰው ይተኛሉ። በዚህ ዘመን ምዕራብ ጎጃም ላይ እንግዳ አስጎበኛለሁ ስትሉ የሚስቅባችሁ ብዙ ነው። ይሳቅ። እኔ ስልኬን ደውዬ፣ ሳጥኔን ፈትሼ እነሳለሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ግን በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚለኝ። አሥራ አንድ ዓመት በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን አንድ ሚኒባስ፣ ሁለት ረጃጅም ገመድ፣ አራት ሄልሜትና አንድ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ያለኝ አስጎብኚ ነኝ። ሹፌሬ አያ ስንሻው ይባላሉ፤ ስድሳን አልፈዋል። "ጎማ ሲመቱት ይናገራል" የሚሉ ሰው ናቸው። አራቱን ጎማ በየተራ በእግራቸው መቱ፤ ጎንበስ ብለው ትርፉንም መቱ፤ ሁሉም የተናገሩትን ሰምተው ሞተር አስነሡ።

እንግዶቼ ሦስት ናቸው፤ ትናንት አመሻሽ ላይ ነው ከአዲስ አበባ የገቡት። ጋሽ ታደሰ የሰባ ሁለት ዓመት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቡሬ አስተምረዋል። ሜሮን ልጃቸው ናት፤ ዮናስ ደግሞ የሜሮን ባል። ሲገቡ ለያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ቅጽ ሰጥቻቸው ነበር፤ ምን ሕመም አለባችሁ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ምን አይስማማችሁም የሚል።

"ሐኪም ቤት ነው እንዴ የመጣነው?" አለ ዮናስ።

"ሐኪም ቤት እንዳንሄድ ነው" አልኩት።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ሁሉንም አነበቡና "ስኳር የለብኝም። ግፊት አለብኝ። ግትርነትም አለብኝ፤ እሱ የት ላይ ነው የሚሞላው?" አሉኝ።

ሳቅኩ። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

1 ሰዓት፣ ወደ ማንኩሳ

ጥቅምት ነው። ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ለብሷል። ከኑጉ ቀጥሎ ገና አረንጓዴ የሆነ ጤፍ፣ ከጤፉ ወዲያ መድረቅ የጀመረ በቆሎ። አስፋልቱ ላይ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ እህል የጫነ ከባድ መኪና፣ በግ ወደ ገበያ የሚነዱ ሰዎች። ዮናስ ፎቶ ሊያነሳ ቀበቶውን ፈታና በመስኮት አንገቱን አወጣ። አያ ስንሻው ምንም ሳይናገሩ ዳር ይዘው ቆሙ።

"ምን ሆነ? ተበላሸች?" አለ ዮናስ።

"የለም፣ ደህና ናት። ቀበቶ ሲፈታ ትቆማለች፣ ጌታዬ። እንዲህ ነው ያስለመድናት።"

ሜሮን በሳቅ ፈነዳች። ዮናስ ቀበቶውን አሰረ፤ መኪናዋም ተነሣች። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአማቹ ሲል የዓመት ፈቃዱን ወስዶ የመጣ ሰው ነው። ግን ከከተማ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ያለበት ጠባይ አለበት፤ ለእረፍት ሲወጣ አደጋም አብሮት እረፍት የወጣ ይመስለዋል።

2 ሰዓት ተኩል፣ ቡሬ

ፉል በቃሪያ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ሻይ። ጋሽ ታደሰ የግፊት ኪኒናቸውን ከሻዩ ጋር ዋጡ። ማታ የምናድረው እዚሁ ቡሬ ስለሆነ እነሱ ሲበሉ እኔ ክፍሎቹን ለማየት ገባሁ። የሁለተኛው ክፍል መታጠቢያ ውስጥ የውሃ ማሞቂያው ሽቦ ተቆርጦ በፕላስተር ተቀጥሏል፤ የተቀጠለውም ውሃ በሚረጭበት ቦታ ላይ ነው። ባለቤቲቱን ጠራኋት።

"ስንት ዓመት ታጥበውበታል፤ እስካሁን ማንም አልሞተ" አለችኝ።

"እስካሁን አልሞተም ማለት ተራው የማን እንደሆነ አልታወቀም ማለት ነው" አልኳት።

"እንግዲያ በቀዝቃዛ ይታጠቡ!"

"በባልዲ ሙቅ ውሃ ይቅረብልን። ሽቦው እስኪሠራ ግን መብራቱ ከዋናው ይጥፋልኝ።"

እያጉረመረመች አጠፋችው። እኔ ፊት ሆና ያጠፋችውን ስሄድ መልሳ እንዳታበራው ክፍሉን ራሴ ልይዘው ወሰንኩ። ነርስ ሳለሁም እንዲህ ነበርኩ፤ አንድ ሰው ሊጠላኝ ከሆነ በጤናው ቆሞ ይጥላኝ።

ከቁርስ በኋላ ጋሽ ታደሰ ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት ከበሩ ላይ አየን። "ጣሪያው ተቀይሯል። ደወሉ ግን ያው የመኪና ቸርኬ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ባለቤቴም እዚሁ ነበር የምታስተምረው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ተማሪዎቻችንን ይዘን መጋረጃ ፏፏቴ እንሄድ ነበር። ከውሃው ጀርባ ያለውን ዋሻ ታውቂዋለሽ አይደል? 'እሺ' ያለችኝ እዚያ ውስጥ ነው። ካረፈች ዓመት አልሞላትም።"

"ነፍሳቸውን ይማር" አልኩ።

"ዘንድሮ እዚያ ካልቆምኩ የት ልቆም ነው?"

የክረምቱ ዝናብ ዘንድሮ ዘግይቶ እንደወጣ አውቃለሁ። "የውሃውን ሁኔታ እናያለን ጋሼ" አልኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

5 ሰዓት፣ ከሽንዲ መንገድ ወጥተን

መኪናዋን ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አቆምን። ከዚህ በኋላ በእግር አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ቁልቁል፣ ጥቁር ጭቃ፣ በየቦታው የሚያንሸራትት ድንጋይ። የሰፈሩ አስጎብኚ ዓለምነው እየጠበቀን ነበር። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ወንዙን እንደ ቤቱ ግቢ ያውቀዋል። ገመዱን ከግራር ወደ ግራር እያሰረ ወረደ፤ እንግዶቹም ገመዱን እየያዙ ተከተሉት።

እዚህ ላይ ለአንባቢ መንገር ያለብኝ ነገር አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት በዚሁ መንገድ ስወርድ ገመድም ሄልሜትም አልነበረኝም። አሥራ አራት ሰው ይዤ ነበር። ቤዛ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከፏፏቴው ሥር ስትሻገር አዳልጧት ወደቀችና ጭኗ ተሰበረ። አሥራ አንድ ዓመት ነርስ የነበርኩት ሴትዮ በዚያ ቀን በቦርሳዬ ውስጥ አንድ ጥቅል ፋሻ አልነበረኝም። ከአጥር በነቀልነው እንጨትና ከመንደር በመጣ መቀነት አሰርናት። የሰፈሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ሽቅብ ተሸከሟት። ቤዛ ዛሬ ትሄዳለች፤ ግን ታነክሳለች። እኔም ቤቴን ዘግቼ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ።

"ተይው፣ ይቅርብሽ" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ዘመድ ብሎኛል፣ ጎረቤት ብሎኛል፣ የንስሐ አባቴም በዘወርዋራው ብለውኛል። ትቼው ቢሆን ኖሮ እንግዳው መምጣቱን አይተውም፤ ያለ ገመድ ከሚያወርደው ሰው ጋር ይወርዳል እንጂ። ስለዚህ ተመልሼ መጣሁ። ሕጌን ይዤ።

6 ሰዓት ከሃያ፣ ወንዙ ዳር

መጋረጃ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። ውሃው ከገደሉ አፍ ላይ ሰፍቶ ይወርድና ዋሻውን የቤተ መቅደስ መጋረጃ መቅደሱን እንደሚጋርድ ይጋርደዋል። ዛሬ መጋረጃው ወፍሯል። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። የሚሻገሩባቸው ድንጋዮች በሙሉ ተውጠዋል።

ዓለምነው ምልክት ያለበትን ዘንግ መሻገሪያው ላይ ተከለ። ሕጋችን አጭር ነው፤ ከጉልበት በላይ ከሆነ አንሻገርም። ውሃው ከጉልበት ምልክቱ አንድ ስንዝር አልፎ ቆመ።

"አንሻገርም" አልኩ።

"ስንዝር ናት እኮ!" አለ ዮናስ። "ስምንት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ለስንዝር ነው?"

"ለስንዝር ነው።"

ከእሱ ጋር ስከራከር ጋሽ ታደሰ ከኋላዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀምረዋል። ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክሁና እጄን ጫማቸው ላይ አደረግሁ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ልጄ፣ የምፈራበት ዕድሜዬ አልፏል።"

"እርስዎ አይፍሩ። የመፍራት ሥራ የእኔ ነው።"

"ብሞትስ? ሞቴ የራሴ ነው።"

"ሞትዎስ የራስዎ ይሁን። ሬሳዎን ለመፈለግ ውሃው ውስጥ የሚገባው ግን ዓለምነው ነው። እሱ የሁለት ልጆች አባት ነው።"

እጃቸውን ከክሩ ላይ አነሡ። ክሩን ግን አላሰሩትም።

በዚህ መሀል ሌላ ቡድን ደረሰ። ስምንት ወጣቶች ናቸው፤ የሰፈሩ ጎረምሶች በነፍስ ወከፍ ሁለት ሁለት መቶ ብር ተቀብለው እጅ ለእጅ አያይዘው አስገቧቸው። ውሃው ወገባቸው ድረስ ረጫቸው፤ አንዷ ተንገዳገደች፤ ጮኹ፤ ሳቁ፤ ተሻገሩ። ስምንቱም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ስልካቸውን ከፍ አድርገው እያውለበለቡ ጠሩን።

የሦስቱም እንግዶቼ ዓይን እኔ ላይ አረፈ።

"ምንም አልሆኑም" አለ ዮናስ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ከልቤ ነበር።

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ አንሻገርም።"

እውነቱን ልናገር፤ ጎርፍ ቢመጣ፣ ድንጋይ ቢንከባለል ኖሮ ትክክል መሆኔ በታየልኝ። ምንም አልመጣም። ፀሐዩ ደምቆ፣ ወጣቶቹ እየዘፈኑ፣ እኔ ብቻ እንደ ጥላ ቢስ ሰው ወዲህ ማዶ ተገትሬ ቀረሁ። ግን አንድ ሰው ቀበቶ ሳያስር በፍጥነት ሲነዳ ውሎ ደህና ቤቱ ቢገባ ቀበቶ ውሸት አይሆንም። ይህን ለራሴ ነገርኩት። ጮክ ብዬ ለመናገር ጊዜው አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ ውሃውን ብዙ አዩት። ከዚያ የጫማቸውን ክር ራሳቸው አስረው ተነሡ። ሽቅቡን ስንወጣ እጄን ብዘረጋላቸው አልያዙትም። ገመዱን ያዙ።

9 ሰዓት፣ እትዬ ዘርፌ ደጅ

እትዬ ዘርፌ ከመንደሩ ለእንግዳ ምሳ ከሚያቀርቡት አምስት ሴቶች አንዷ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ቧንቧ ያለው ባልዲና ሳሙና ተሰቅሏል፤ እጁን ያልታጠበ እንግዳ አይገባም። ይህንን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁን እሳቸው ከእኔ ብሰዋል። የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። በልተን ሳንጨርስ አያ ቢያድግልኝ የሚባሉት የመንደሩ ሽማግሌ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር መጡ። ዓለምነውም ከኋላቸው ነበር፤ ዓይኔን አላየኝም።

"ሲስተር፣ ደህና ዋልሽ። ነገር አለን" አሉ አያ ቢያድግልኝ።

ተነሥቼ ቦታ ለቀቅኩላቸው። መጀመሪያ የተናገረው ዓለምነው ነው፤ ሲናገርም በአክብሮት ነበር።

"ሲስተር፣ አንቺ የያዝሽውን ሕግ ጠልቼ አይደለም። ግን ፏፏቴው የሚያምረው ሲሞላ ነው። የሚሞላው ሦስት ወር ነው። እንግዳ የሚመጣውም በዚያ ሦስት ወር ነው። ከጉልበት በታች እስኪወርድ እንጠብቅ ካልን ማንን እናሻግራለን? ጎረምሶቹ ከዚህ ሌላ ምን አላቸው? ዛሬ እንኳ ያንቺን እንግዶች ያዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች ፈርተው ሳይሻገሩ ተመለሱ።"

አያ ቢያድግልኝ ቀጠሉ። "ነገሩ እንዲህ ነው ሲስተር። ያልታዘዘ አይሞትም። አንቺ በዘንግሽ የእግዜርን ሥራ ትለኪያለሽ። ወይ ሕግሽን ላላ አድርጊው፤ ወይ መንገድሽን በሌላ በኩል አድርጊው።"

እንግዶቼ ይሰማሉ። ከዚህ መንደር ከተባረርኩ የምሠራው ሥራ ግማሹ ይሄዳል።

"አያ ቢያድግልኝ፣ እርስዎ አባቴ ነዎት፤ ተቆጡኝ እቀበላለሁ" አልኩ። "ቤዛ የወደቀች ቀን ግን ቃሬዛውን የተሸከማችሁት እናንተ ናችሁ። በዚያ ቀን 'የእግዜር ሥራ ነው' ያለ ሰው አልሰማሁም። 'ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው ያለ ገመድ ያመጣቻቸው' ነው ያላችሁት። እውነታችሁን ነበር። የእኔ ስንፍና ነበር፤ በእግዜር አላሳበብኩም። ሕጉን አላላላውም። አባሩኝ፤ ከመንገድ ዳር ቆሜ ለሚወርደው ሰው ሁሉ የውሃውን ልክ እየነገርኩ እውላለሁ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አፈነው። አያ ቢያድግልኝ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ዘርፌ ትሪ እንደያዙ ከበሩ ላይ ቆመው "እኔም አንድ ነገር ልናገር" አሉ።

"ተናገሪ።"

"የዚያችን ልጅ ጭን ያሰራችሁት በማን መቀነት ነው?"

ትሪውን ወደ አንድ እጃቸው አዛውረው ደረታቸውን መቱ።

"በእኔ ነው። ወንድሜ እንዳላማውስ? በየትኛው ውሃ ነው የሄደ? በዚሁ ነው። ያን ጊዜም 'ያልታዘዘ አይሞትም' ብላችሁ ቀበራችሁት፤ ሃያ ዓመት ዝም አልኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እሱም የገባው እየሳቀ ነው፤ እኔ ወዲህ ማዶ ቆሜ አየዋለሁ።" ትሪውን አስቀመጡት። "በቃኝ። እኛ አምስት ሴቶች ከትናንት በስቲያ ተነጋግረናል። ከዛሬ ጀምሮ ውሃው ከጉልበት በላይ ሆኖ ለተሻገረ ሰው ከእኛ ቤት ምሳ የለም። ላሻገረም ሰው የለም። እንግዳም ይሁን የእኔ ልጅም ይሁን።"

"እትዬ፣ ለእኔም?" አለ ዓለምነው።

"ላንተማ በተለይ።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም። አምስቱ ሴቶች ከጀርባዬ ሆነው ያሰቡት ነው። ሜሮን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ዮናስ ጉርሻውን እንደያዘ ቀርቷል።

"ልጆቹስ ምን ይብሉ?" አሉ አያ ቢያድግልኝ፤ ድምፃቸው ወርዷል።

"በላይ ድልድይ የለም እንዴ? ዞሮ በማዶ በኩል ዋሻው ድረስ የሚያወርድ መንገድ የለም? ከዚህ መንደር በቅሎ የሌለው ማን ነው? በሁለት መቶ ብር ሰው ወደ ውሃ ከሚጎትቱ በአምስት መቶ በቅሎ አይስቡም?"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየ፤ የማን በቅሎ ተራ ይገባል፣ ድልድዩ ላይ ያለውን የበሰበሰ እንጨት ማን ይቀይራል፣ ጎረምሶቹ እሺ ይላሉ ወይ። ሁሉም አልተስማሙም። አንደኛው ሽማግሌ "የሴት ሸንጎ" ብለው ተነሥተው ሄዱ። አያ ቢያድግልኝ ግን ሲሰናበቱኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው "በይ፣ እግዜር ያሻግርሽ" አሉኝ። ዘመኑን ይሁን ወንዙን አልጠየቅኋቸውም። የጎጃም ሽማግሌ ነገሩን በሰም ሸፍኖ ከሰጠህ ወርቁን ቤትህ ገብተህ ነው የምትፈልገው።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያልተናገሩኝ ጋሽ ታደሰ በዚህ ጊዜ ቀና አሉ።

"በበቅሎ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እስከ ዋሻው ሦስት ሰዓት ገደማ" አለ ዓለምነው።

"ነገ ስንት ሰዓት እንነሣለን?" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ 3 ሰዓት ተኩል፣ ላይኛው ድልድይ

ዛሬ ወደ መራዊ አቅንተን ባሕር ዳር ማደር ነበረብን። ሜሮን ስልክ ደውላ ክፍሉን ሰረዘችው። ጠዋት የጋሽ ታደሰን ግፊት ለካሁ፤ ደህና ነው። ሁለት በቅሎ መጣ፤ አንዷ ለእሳቸው፣ አንዷ ለደከመ ሰው። ሄልሜት ሳቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

"በዚህ ዕድሜዬ ድስት አልደፋም።"

"ድስቱን ካልደፉ በቅሎዋ አትንቀሳቀስም።"

"እሷንም አስለምዳችኋታል?"

"ገና ዛሬ ነው የምናስለምዳት።"

ደፉት። ድልድዩን አንድ በአንድ አለፍነው፤ ዓለምነው ሌሊቱን ከሁለት ጎረምሶች ጋር የበሰበሱትን ሁለት እንጨቶች ቀይሮ አድሯል። ማንም አላዘዘውም። "ምሳ ስለከለከሉኝ ነው" አለኝ፤ ግን ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ነበር።

መንገዱ ቀላል አልነበረም። ከድልድዩ በኋላ ዳገት፣ ከዳገቱ በኋላ ሾላና ግራር የሞላበት ጥግ፣ ከዚያ ቁልቁል። ሁለት ጊዜ አረፍን። በሁለተኛው እረፍት ላይ ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ነጣ፤ ከጥላ ሥር አስቀምጬ የስኳርና የጨው ውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ዮናስ ሳልጠይቀው ከኋላቸው ተቀምጦ ጀርባቸውን ደገፈ። ከዚያ በኋላ ከበቅሎዋ ጎን እየሄደ አንድ እጁን ኮርቻው ላይ አድርጎ ቆየ።

ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ለመጨረሻው ቁልቁለት ገመድ አሰርን። ዓለምነው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አወረድናቸው። ከውስጥ ስታዩት ውሃው ብርሃን ነው፤ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ከማዶ ያለውን ዓለም ይደብቃል። ዋሻው ግን በፍየል በጠጥ ተሞልቷል፤ ሽታው አይጣል ነው።

"አባባ፣ ያኔም እንዲህ ይሸት ነበር?" አለች ሜሮን።

"ያኔ አፍንጫዬ ሌላ ነገር ላይ ነበር።"

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ እሳቸው ትንሽ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ቆሙ። ማንም አልተከተላቸውም። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ውሃው ይጮኻል። አለቀሱ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝም አላውቅም። ዓይኔ እግራቸው ላይ ነበር፤ ድንጋዩ እርጥብ ነው።

ሲመለሱ እጄን ዘረጋሁላቸው። ያዙት።

"ትናንት በጣም ተናድጄብሻለሁ" አሉኝ።

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"አሁንም አልወጣልኝም። ከእሷ ጋር በውሃው ነበር የተሻገርነው፤ ጫማችንን አውልቀን። በበቅሎ ዞሬ፣ ድስት ደፍቼ መምጣቴን ብትሰማ ትስቅብኛለች።"

"ይሳቁብዎት" አልኩ።

"ስትስቅ ደግሞ ታምር ነበር" አሉ፤ ገመዱንም በሌላ እጃቸው ያዙ።

ምሳ እትዬ ዘርፌ ዘንድ በላን። ዓለምነውን ጨምሮ ለአምስታችንም አይብና ማር ተጨመረ።

እሁድ፣ 4 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

እንግዶቼ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ አዲስ አበባ ተነሡ። ዮናስ ከመሄዱ በፊት ቅጹን ጠየቀኝ፤ ለራሱ መሥሪያ ቤት ጉዞ ሊገለብጠው ነው። ሰጠሁት። ጋሽ ታደሰ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ከሥራሽ ባትባረሪ ይገርመኛል!" ብለው ጮኹ፤ አያ ስንሻው እስካሁን ይስቃሉ።

ገመዶቹን አጥቤ አጥሩ ላይ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። ከከተማ እንግዳ የሚልክልኝ ደላላ ነው። የዓርቡን ወሬ ሰምቷል።

"ሲስተር፣ ለመጪው ቅዳሜ አሥር ሰው አለኝ። የሚመጡት ለመሻገር ነው፤ አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

"ውሃው ከጉልበት በታች ከሆነ ይሻገራሉ።"

"ካልሆነስ?"

"በበቅሎ ይዞራሉ።"

"ሦስት ሰዓት በበቅሎ? አይሆንም ሲስተር። እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ፈልግ" አልኩት። "ለምታገኘው ሰው ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፤ የእንግዶቹን ምሳ ከፍኖተ ሰላም አስቋጥሮ ይምጣ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሲደርስ ይነግሩታል።"

ዘጋው። መልሶ ይደውልልኝ አይደውልልኝ አላውቅም። የገመዱን እርጥብ ጎን ወደ ፀሐይ አዞርኩትና የሚቀጥለውን አነሣሁ።